አዲስ መኪና፣ ድርድርና ቀብድ
(ለቡሬ ነጋዴዎች የተሰናዳ ዲስኩር)

አዲስ መኪና ሲገዛ ከሻጩ ጋር የሚደረገው ድርድር በኢትዮጵያ ከዋጋው ይልቅ ውሉ ላይ ያርፋል። መኪና በውጭ ምንዛሪ የሚገባና ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ ስለሆነ፣ አስመጪው መቀነስ የሚችለው ከራሱ ትርፍ ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ዛሬ የተጠራ ዋጋ ለነገ አያድርም። በዚያው ዓመት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉም ገዢውን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሮታል።

ቡሬ ላይ አንድ ችግር ይጨመራል። ሻጮቹ በአብዛኛው ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ከመቱ እንኳ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ቡሬ ደግሞ ከጎሬ አልፎ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ ናት። ስለዚህ ገዢው ገንዘብ አስይዞ ይመለሳል፤ መኪናው እስኪደርስ በእጁ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

ክቡራን አድማጮች ልብ እንዲሉ የሚያስፈልገው ይህ ወረቀት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ይታሰባል። ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። 200,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ «ዋጋ ጨምሯል» ብሎ ቢያፈገፍግ 400,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ደረሰኙ ግን «ቅድመ ክፍያ» የሚል ከሆነ እጥፉን መጠየቅ አከራካሪ ይሆናል። ሕጉም ተዋዋዮቹ በሌላ ነገር ካልተስማሙ በስተቀር ስለሚል፣ ሻጩ ባሳተመው ቅጽ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎ ከተፈረመ የሚጸናው እሱ ነው።

ቀብድ ለቡና አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቡናው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ገንዘብ የተቀበለ ገበሬ፣ በለቀማ ጊዜ ዋጋው ቢወደድም ቃሉን ካጠፈ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። በቅሎ የሚገዛም ጥርሷን ከፍቶ ዕድሜዋን ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። ያው ሰው ግን የመኪና ደረሰኝ ሲሰጠው ድምሩን ብቻ አይቶ አጥፎ ኪሱ ይከታል።

ርእሱ ቃል የገባው የድርድር ስልት በአጭሩ ይህ ነው። ቢያንስ ከሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ ይወሰዳል። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን መጨመሩ ይጠየቃል፤ 15 በመቶው ካልተካተተ 1,000,000 ብር የተባለው 1,150,000 ይሆናል። ዋጋ አልወርድም ያለ ሻጭ የመጀመሪያዎቹን ሰርቪሶች፣ ቻርጀሩን ወይም ትርፍ ጎማውን ሊመርቅ ይችላል። የባትሪው ዋስትና ስንት ዓመት እንደሆነና መለዋወጫው የት እንደሚገኝ በጽሑፍ ይያዛል። ደላላ ካለ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይቆረጣል። የሻንሲ ቁጥሩ ከዲክላራሲዮኑ ጋር ይመሳከራል፤ ሊብሬና ታርጋ የሚወጣበት ቀንም ይጻፋል።

ከሁሉ በፊት ግን «ቀብድ» የሚለው ቃል፣ ቁርጥ ዋጋውና የመረከቢያው ቀን ወረቀቱ ላይ ሳይሰፍሩ ገንዘብ ከእጅ አይወጣም።