ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚመጣው የፈንገስ ማጅራት ገትር



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር ስሙ ረዥም ነው፤ የሚይዘውም ጥቂት ሰው ነው። ይኸውም አንጎሉን ተቀዶ የታከመ ሰው ከዚያ በኋላ ከፈንገስ የተነሣ የሚይዘው ማጅራት ገትር ነው። ለበዓል ቀን የሚስማማ ርእስ አይደለም የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በአገራችን ራሱን ተቀዶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው፣ ይልቁንም ሕፃን፣ ከቀድሞው እየበዛ ሄዷል። ይህን ሰው ተቀብሎ የሚያስታምመው ሐኪሙ ሳይሆን ወላጅና ጎረቤት ስለ ሆነ፣ ነገሩን ጥቂት ብናውቀው ይበጃል።

ፈንገስ ምን እንደ ሆነ ለአርሲ ልጅ ማስረዳት አያስቸግርም። የስንዴውን ቅጠል ቢጫ ዱቄት የተነሰነሰበት አስመስሎ የሚያደርቀው ዋግ ፈንገስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በብዙ ስፍራ ስንዴውን ከጎዳው በኋላ፣ የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማእከል በ2012 ካወጣቸው የስንዴ ዘሮች አንዱ ስሙ «ኦጎልቾ» ነው፤ ይህን አባቶቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በዳቦ ላይ የሚወጣው ሻጋታም፣ ሊጡን የሚያቦካው እርሾም የፈንገስ ወገን ናቸው። የስንዴ ዋግ ሰውን አይዝም፤ ሰውን የሚይዙት ሌሎች ዘመዶቹ ናቸው።

አንጎላችን በአጥንት ተዘግቶ፣ በሦስት ሽፋኖች ተጠቅልሎ፣ በጠራ ፈሳሽ መካከል ይኖራል። ፈሳሹ በጎልማሳ ሰው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በየቀኑ ግን 500 ሚሊ ሊትር ያህል እየመነጨ መልሶ ወደ ደም ይገባል። መንገዱ ሲዘጋ ፈሳሹ ይጠራቀምና የሕፃኑ ራስ ከመጠን በላይ ያድጋል። ሐኪሞች ይህን ከሚያክሙባቸው መንገዶች አንዱ ከራስ እስከ ሆድ ከቆዳ ሥር ቀጭን ቱቦ መዘርጋት ነው፤ ቱቦውንም ሻንት ይሉታል። ዱሮ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩ ሐኪሞች በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የቤርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ስለ ጀመረ፣ ዛሬ በጥቁር አንበሳም፣ በዘውዲቱ መታሰቢያም፣ በሌሎችም ሆስፒታሎች ብዙ ሰው ይድናል።

ታዲያ ፈንገሱ ከወዴት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከራሱ ከበሽተኛው ነው። ካንዲዳ የሚባለው የእርሾ ዓይነት በጤነኛ ሰው አፍ፣ አንጀትና ቆዳ ላይ ያለ ጉዳት ይኖራል። አጥንቱና ሽፋኑ ሲከፈት ግን በር ያገኛል። ለባክቴሪያ ተብሎ ለረዥም ጊዜ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ካንዲዳን በልክ ይዘው የሚያኖሩትን ባክቴሪያዎች አብሮ ይገድላቸዋል። የአንጎልን እብጠት ለመቀነስ የሚሰጠውም መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ያደክማል። ከሁሉም ይልቅ የሚያስቸግረው ቱቦው ነው፤ ካንዲዳ በቱቦው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ፣ በራሱ ዝልግልግ መጋረጃ ተሸፍኖ፣ መድኃኒት በቀላሉ እንዳያገኘው ሆኖ ይቀመጣል። ቀድሞ ያልነበረ ቱቦ ሕይወት ያድናል፤ ለፈንገሱም ማረፊያ ይሆነዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ማጅራት ገትር ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው በበጋ የሚነሣውን፣ ከሰው ወደ ሰው የሚዛመተውን ወረርሽኝ ነው። ያ የባክቴሪያ ሥራ ነው። ይህ ግን በትንፋሽም፣ በማእድም፣ በመኝታም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ስሙን ሰምቶ ከበሽተኛው ቤት እግሩን የሚያነሣ ጎረቤት በከንቱ ይሸሻል።

በሽታው ተንኮለኛ የሚሆነው በዝግታ ስለሚመጣና ባክቴሪያ ስለሚመስል ነው። ይህን የሚያስረዳ ታሪክ በአሜሪካ ደርሷል፤ በሽተኞቹ የተወጉት ጀርባቸውን ነው እንጂ ራሳቸውን የተቀደዱ አልነበሩም፤ ነገር ግን ፈንገሱ የገባው እንዲሁ በሕክምና በኩል በተከፈተ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በቴነሲ ግዛት አንድ ሰው በማጅራት ገትር ታሞ የባክቴሪያ መድኃኒት ተሰጠው፤ ወደ ቤቱም ሄደ፤ ብዙ ሳይቆይ ብሶበት ተመለሰ። ዶክተር ኤፕሪል ፔቲት የምትባል ሐኪም መድኃኒቱ ለምን አልሠራም ብላ ጠየቀች፤ ፈሳሹም ለፈንገስ እንዲመረመር አደረገች፤ ፈንገስም ተገኘ። ሰውዬው ከአራት ሳምንት በፊት ለጀርባ ሕመም መርፌ ተወግቶ ነበር። እርስዋ ለጤና ባለሥልጣኖች ብታስታውቅ፣ መርፌው ከአንድ መድኃኒት ቀማሚ ድርጅት ተበክሎ የወጣ መሆኑ ታወቀ። በ20 ግዛቶች ከ750 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከ60 በላይም ሞቱ። በአብዛኞቹ የተገኘው ፈንገስ በሣር ላይ የሚኖር ነው፤ የቅርብ ዘመዱ የበቆሎን ቅጠል ያቃጥላል። እኔ በዚህ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የምወደው ያን ጥያቄዋን ነው።

በእኛ አገር ሐኪሞች አዘውትረው የሚያዩት የፈንገስ ማጅራት ገትር ሌላ ነው፤ ክሪፕቶኮከስ ይባላል፤ በአፈርና በእርግብ ኩስ ውስጥ ይገኛል፤ የሚይዘውም ይልቁን የኤች አይ ቪ ሕመምተኞችን ነው። እርሱን በጥቁር ቀለም በአጉሊ መነጽር ማየት ይቻላል። ካንዲዳ ግን በፈሳሹ ውስጥ ጥቂት ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ተመርምሮ የለም ቢባል እንኳ ደግሞ ደጋግሞ መመርመር ያስፈልጋል። «ትናንት መርፌ ወጉት፣ ዛሬ ደግሞ ለምን?» ብለን ሐኪሙን አንማረርበት።

ተቀዶ ቤቱ የገባ ሰው ቀናት ወይም ሳምንታት ካለፉ በኋላ ራሱን ቢያመው፣ ትኩሳት ቢመላለስበት፣ ቢያስመልሰው፣ እንቅልፍ ቢያበዛ ወይም ንግግሩ ቢዘበራረቅ፣ ሕፃንም ጡት እምቢ ቢል፣ ቢነጫነጭ፣ እርግብግቢቱ ቢወጠር፣ ከቁስሉም ጠራ ያለ ውሃ ቢንጠባጠብ፣ የዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ አሰላ ይወሰድ። ቁስሉ ሳይጠግ ቅቤ አይቀባ። ከመድኃኒት ቤት በገዛ እጅ የተገዛ እንክብልም አይስጡት፤ ሕመሙን ለጥቂት ቀን ይሸፍነው ይሆናል እንጂ ፈንገሱን አይነካውም። ከሆስፒታሉ የተሰጠውን ወረቀት ይዛችሁ «ቱቦ አለው፤ በዚህ ቀን ተቀዷል፤ ይህን መድኃኒት ይህን ያህል ቀን ወስዷል» ብላችሁ ንገሩ። ሐኪሙ ሳይጠይቅም ቢሆን ንገሩ።

ሕክምናው አለ፤ ቀላል ግን አይደለም። ቱቦው ብዙውን ጊዜ ወጥቶ መለወጥ አለበት። በደም ሥር የሚሰጠው አምፎተሪሲን በ1950ዎቹ ከደቡብ አሜሪካ ከኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ ከተወሰደ አፈር የተገኘ ነው፤ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ደም እየተመረመረ ይሰጣል። ከእርሱ በኋላ ፍሉኮናዞል የሚባለው ክኒን ይከተላል። ክኒኑም የሚወሰደው በሽተኛው ደኅና ነኝ እስኪል ሳይሆን፣ ሐኪሙ ፈሳሹን አይቶ ይብቃ እስኪል ድረስ ነው።