ያላለቀ ሥራና የሚጠገን ሥራ
(በኮሶዬ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን በምናገኛት በኮሶዬ፣ ቆላው ከሥር በሚታይበት በዚህ የገደል አፋፍ ላይ፣ ስለ ኮምፒዩተር እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ቦታውና ርእሱ የሚገናኙ አልመሰለኝም ነበር። ዳሩ ግን ለርእሱ መነሻ የሆነኝ ጉዳይ ያጋጠመኝ በዚሁ አካባቢ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የሚገኘውን የምንጮችና የውሃ ጉድጓዶች መዝገብ እንድመረምር ታዝዤ ነበር። መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ በአንድ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ተጽፎ በዲስክ የተቀመጠ ነው። በከፈትነው ጊዜ ቁጥሮቹ በደኅና ተነበቡ። የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የውሃው መጠን፣ የተቆፈረበት ዓመት፣ ሁሉም አለ። የቀበሌውና የምንጩ ስም ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጣ። የት እንዳለ የማይታወቅ ጉድጓድ ጥልቀቱ ቢታወቅ ምን ይረባል?

ምክንያቱን ለማስረዳት ብዙ ማተት አያስፈልግም። በዚያን ዘመን አንድ የፊደል ቅርጽ ስብስብ የሚይዘው ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበር። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱ አዘጋጅ በራሱ ዘዴ ፊደሉን አንድ ጊዜ ከሁለት ምልክት እየገጣጠመ፣ አንድ ጊዜ በሁለት ስብስብ እየከፈለ ያስቀምጥ ነበር። የእኛ መዝገብ የተጻፈበት ፕሮግራም የአቀማመጥ ሠንጠረዥ የሻጩ ምስጢር ነበር። ሻጩ ሥራውን ሲተው ምስጢሩም አብሮት ጠፋ።

ይህን እንቆቅልሽ የፈታንባቸው መሣሪያዎች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1983፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 16 ቀን 1976 ዓ.ም. በደመራ ዕለት፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የተባለ፣ ከዩኒክስ ጋር የሚስማማ ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ። ሲስተሙ ነጻ እንዲሆን ነበር ሐሳቡ። ነጻ ማለት ግን በነጻ የሚታደል ማለት ብቻ አይደለም። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ለፈለገው ሥራ እንዲያውለው፣ የተጻፈበትን ሶርስ ኮድ እንዲመረምርና እንዲያሻሽል፣ ለሌላው እንዲያካፍል፣ ያሻሻለውንም እንዲያሰራጭ መብት አለው ማለት ነው።

ሥራው ከዳር ወደ መሐል ሄደ ቢባል ስሕተት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1985 ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ፣ በ1987 ኮምፓይለሩ፣ በ1989 ባሽ የተባለው የትእዛዝ መቀበያ ወጡ። በ1990 ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ አስኳል በስተቀር አብዛኛው ተሟልቶ ነበር። ኸርድ የተባለው የአስኳሉ ሥራ በዚያው ዓመት ቢጀመርም እንደ ታሰበው ቶሎ አልደረሰም። እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡ ብዙ አገልጋይ ፕሮግራሞችን አስማምቶ ስሕተታቸውን ማግኘት ከተገመተው በላይ አስቸጋሪ ሆነ። ኸርድ ዛሬም በሙከራ ደረጃ እየተሻሻለ ይገኛል።

ሆኖም የተሠሩት ክፍሎች አስኳሉን እየጠበቁ ሥራ አልፈቱም። እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን አወጣ፤ በ1992 በግኑ የፈቃድ ውል ሥር አደረገው። ከሌላ ወገን የመጣው አስኳል ከግኑ ክፍሎች ጋር ተገጥሞ ሙሉ ሲስተም ሆነ። ክፍሎቹ ተቆልፈው ቢሆኑ ኖሮ ከዋናው ሥራ መዘግየት ጋር ተረስተው በቀሩ ነበር።

የእኛም ፊደል ወደዚህ ሲስተም የገባው በዚሁ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 በጃፓን የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ድካም ግዕዝን ይጽፍ ነበር። ፊደላችን በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ያገኘው ግን በ1999 ነው። በዚያም እያንዳንዱ ፊደል አንድ የታወቀ ቁጥር ስላለው ምስጢር የሚባል ነገር የለም።

ወደ መዝገባችን ልመለስ። ከመዝገቡ ጋር በወረቀት ታትሞ የቀረ አንድ አሮጌ ሪፖርት አገኘን። የወረቀቱን ፊደልና የዲስኩን ምልክት ጎን ለጎን እያነጻጸርን፣ የጠፋውን ሠንጠረዥ ፊደል በፊደል እንደ ገና ጻፍነው። ከዚያም በግኑ የጽሑፍ መለወጫ መሣሪያዎች መዝገቡን በሙሉ ወደ ዩኒኮድ አዛወርነው። ሦስት የምንጭ ስሞች ግን በሪፖርቱ በሌሉ ፊደላት የተጻፉ ስለ ነበሩ አልፈታ አሉ። እነዚህን የነገሩን የአገሩን ውሃ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ናቸው። እኚህ አባት ባይኖሩ ኖሮ ሦስቱ ምንጮች ስም አልባ ሆነው በቀሩ ነበር።

ከደባርቅ ባሻገር ያለውን የሊማሊሞን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቀያሾቹ ከሄዱ ብዙ ዘመን ቢሆንም መሐንዲስ በእግሩ ወርዶ የድጋፍ ግንቡንና የውሃ መውረጃውን አይቶ ሊጠግን ይችላል። መንገድ አሠራሩን አይሸሽግም። የተቆለፈ ፕሮግራም ግን ሲበላሽ ከቀያሹ በቀር ማንም እንዳይጠግነው ሆኖ የተሠራ ነው።

እውነት ነው፣ ነጻ ሶፍትዌር ሁሉ የተሟላ አይደለም፤ ጠጋኝ ባለሙያ ከሌለም መብቱ ብቻውን አይጠግንም። ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ አባላት ለሕዝብ የሚያዘጋጁት መዝገብ ሁሉ አሠራሩ በይፋ በታወቀ ፎርማት እንዲቀመጥ፤ ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ጥቂት ቀናት ሰጥተን በነጻ ሲስተሞች ውስጥ ለአማርኛ የጎደለውን፣ በተለይም ትርጉሙንና የፊደል ግድፈት አራሚውን፣ በደቦ እንድናሟላ ነው።

እኛ ያልጨረስነውን የሚጨርስ ይመጣል። የእኛ ግዴታ ሲመጣ በሩን ተቆልፎ እንዳያገኘው ማድረግ ነው።