ከቀዶ ጥገናው በፊት ያሉት ሁለት ወራት



የመገጣጠሚያ ቅየራ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት አዲስ አበባን ነው። ልክ ናችሁ። በአገራችን የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ የሚቀየረው በጥቂት ማዕከላት ነው፤ ከዚህ ከደብረ ማርቆስ የሚነሣ ሕመምተኛ የሪፈር ወረቀቱን ይዞ፣ በደጀን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ነገር ግን ያ ሰው በቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ምን ያህል ደም እንደሚፈሰው በከፊል የሚወሰነው ዓባይን ከመሻገሩ በፊት፣ እዚሁ በቤቱና በማኅበሩ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ እነዚያ ሳምንታት ነው።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ደም የሚያስፈስስ ሥራ ነው። የዳሌውን ቅየራ እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 መልክ ካስያዘው ወዲህ ብዙ ቢሻሻልም መሠረቱ አልተለወጠም፦ የጭን አጥንት ራስ ይቆረጣል፣ የአጥንቱ ውስጥ ተፍቆ የብረት ዘንግ ይገባበታል፣ የዳሌው ጎድጓዳ ተስተካክሎ አዲስ ጽዋ ይገጠምለታል። በሥጋ ውስጥ የተቆረጠ የደም ሥር ይቋጠራል ወይም በሙቀት ይተኮሳል። አጥንት ግን እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ከየቦታው ያነባል፤ የሚቋጠር ጫፍ የለውም። እሱን የሚያቆመው የሕመምተኛው ደም ራሱ ረግቶ ነው። ቁስሉ ከተሰፋ በኋላም ደሙ ወደ ጭን ሥጋ ውስጥ መስረጉን ይቀጥላል፤ በዓይን አይታይም። በድምሩ ግማሽ ሊትር፣ አንድ ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። አንድ አዋቂ ሰው በሰውነቱ ያለው ደም አምስት ሊትር ያህል ነው።

እንግዲህ ያንን መርጋት የሚያበላሸው ምንድን ነው? መልሱ አንድ ብቻ አይደለም፤ በእኛ ደጋ ግን በመጀመሪያ ረድፍ መጠየቅ ያለበት አረቄ ነው።

ደም የሚያረጉትን ፕሮቲኖች አብዛኛዎቹን የሚሠራው ጉበት ነው። ለዓመታት በአረቄ የተጎዳ ጉበት እየጠነከረና ጠባሳ እየያዘ ሲሄድ እነዚህን ፕሮቲኖች በበቂ መጠን አያመርትም። ጠባሳ በያዘው ጉበት ማለፍ ያቃተው ደም ወደ ኋላ ሲገፋ ጣፊያ ያብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ፕላትሌቶችን ይዞ ያስቀራል። ፕላትሌት ማለት የተቀደደውን የደም ሥር መጀመሪያ ደርሶ የሚደፍነው ጥቃቅን ሕዋስ ነው። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ይደርሳል። ጉበቱ ገና ጠባሳ ባልያዘበት ሰው እንኳ አልኮል በቀጥታ መቅኔን አዳክሞ ቁጥሩን ያወርደዋል፤ ያሉትም እርስ በርስ መጣበቅ ይሳናቸዋል። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ምግብ ስለሚተው ቫይታሚን ኬ ያንሰዋል፤ ያለ እሱ ጉበት ከሚሠራቸው አርጊ ፕሮቲኖች ዋና ዋናዎቹ ሥራቸውን አይሠሩም። ጎመን ለዚህ ጥሩ ነው፤ ጎመን የማያጣ አገር ላይ ይህን ማለቴ ገርሞኛል።

በዚህ ላይ የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክ አለ። ዳሌው የሚያመው ሰው ከፋርማሲ በየጊዜው ክኒን ይገዛል፣ መርፌ ይወጋል፤ ማታ ደግሞ ሕመሙን በአረቄ ያስታግሣል። ሁለቱም የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላሉ፤ ሁለቱም ፕላትሌትን ያሰንፋሉ። እንዲህ ያለ ሰው ቢላ ሳይነካው ደሙ አንሶ ይመጣል።

ይህን ጉዳይ የባሰ የሚያደርገው ዳሌውን ያበላሸው ራሱ አረቄው ሊሆን መቻሉ ነው። የጭን አጥንት ራስ ደም አጥቶ የሚሞትበት በሽታ አለ። ያለ አደጋ ከሚመጣባቸው ምክንያቶች ሁለቱ ዋነኞች የስቴሮይድ መድኃኒትና ብዙ አልኮል ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከ30 እስከ 50 ዓመት ያለውን፣ በሥራ ላይ ያለውን ሰው ነው። ብሽሽቱን ያመዋል፤ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል፤ ያነክሳል፤ ኤክስሬይ ሲነሣ የአጥንቱ ራስ ተደርምሶ ይገኛል። ስለዚህ ለዳሌ ቅየራ ከሚሰለፉት መካከል ጠጪዎች ከሌላው ሰው በዝተው መገኘታቸው አጋጣሚ አይደለም።

የምንጠይቅበት መንገድ ግን ደካማ ነው። ፎርሙ «አልኮል ይጠቀማሉ?» ይላል። አንድ አባት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እንዲህ እንባባላለን፦

«አባባ፣ መጠጥ ይጠጣሉ?»

«ኧረ እኔ! መጠጥ የት አውቄ።»

«ጠላስ?»

«ጠላማ ምግብ አይደል እንዴ።»

«አረቄ?»

«ጠዋት ለብርዱ አንዲት መለኪያ። ጮቄ ተራራ ሥር ሆነህ እስቲ ሳትቀምስ እረስ።»

«ማኅበርስ?»

«በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። ሰንበቴም አለ። የገበያ ቀን ደግሞ ከወዳጅ ጋር ትንሽ እንጫወታለን።»

ሰውዬው አልዋሹም። በዕቃና በቀን ሲጠየቁ ሁሉንም ተናገሩ። እንቁጠርላቸው፦ ዳግም አረቄ ጥንካሬው እስከ 45 በመቶ ይደርሳል፤ 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። አምስት መለኪያ 70 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ጊዜ 60 ግራምና ከዚያ በላይ የጠጣን ሰው ከመጠን ያለፈ ጠጪ ይለዋል። ጠላም 4 በመቶ ቢሆን ግማሽ ሊትሩ ከአንድ መለኪያ አረቄ አያንስም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራውን ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን አውርዶታል፤ ጓዳ ውስጥ በእንስራ የሚወጣው አረቄ ግን ከዱሮም ማስታወቂያ አልነበረውም።

አሁን ወደ መልካሙ ዜና ልምጣ። የፕላትሌት ዕድሜ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ነው። መጠጥ ሲቆም መቅኔ ያገግማል፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ቁጥሩ ይመለሳል። የቁስል መዳንና በሽታን የመከላከል አቅም ዘግይቶ ይከተላል፤ ለዚህም ከቀዶ ጥገና በፊት ከ4 እስከ 8 ሳምንት መጠጥ ማቆም ይመከራል። ዴንማርካዊቷ ሐኪም ሃኔ ቶነሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት የአንጀት ቀዶ ጥገና የሚጠብቁ 42 ጠጪዎችን ለሁለት ከፈሉ። አንድ ወር ካቆሙት መካከል ችግር የገጠማቸው 31 በመቶ፣ ካላቆሙት 74 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ አንጀትም ዳሌ አይደለም። እኔ ግን ይህን ያህል ልዩነት በነጻ የሚሰጥ መድኃኒት በፋርማሲያችን አላየሁም።

ስምንት ሳምንት ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በሁዳዴ ጠላ እንኳ የማይቀምስ ስንት ሰው አለ። ችግሩ ቀጠሮው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሲውል ነው፤ የሁለት ወሩ ሥራ በፋሲካ ሳምንት ይፈርሳል። የነፍስ አባቶች በዚህ ላይ ከእኛ የበለጠ ይሰማሉና ቢያግዙን ደስ ይለኛል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጠዋት ካልጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በገዛ እጁ በአንድ ቀን አያቁም። ሆስፒታል መጥቶ ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 እየተሰጠው ይቁም። መጠጣቱን ደብቆ አዲስ አበባ የገባ ሕመምተኛ መጠጡ በቆመ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ያልበዋል፣ ይቃዣል፣ ከአልጋ ዘልሎ ይወርዳል፤ አዲሱ ዳሌ ይወልቃል።

«መድኃኒት አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኡታኮና ሾሱኬ ኦካሞቶ ያገኙት ትራኔክሳሚክ አሲድ በመገጣጠሚያ ቅየራ ላይ የሚፈሰውን ደም በእርግጥ ይቀንሳል። ነገር ግን የረጋው ደም እንዳይሟሟ ይጠብቃል እንጂ ያልረጋውን አያረጋም። ጠባሳ የያዘ ጉበት ደግሞ ደም ከማፍሰስ አልፎ በማይገባው ቦታም ደም ያረጋል፤ ስለዚህ አንድ የላቦራቶሪ ቁጥር አይቶ መደምደም አይቻልም። በዚያ ላይ ዳሌው የተቀየረለት ሰው እግሩ ላይ ደም እንዳይረጋ እስከ 35 ቀን ድረስ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይሰጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚወስደው ቤቱ ተመልሶ፣ ጠያቂ በተሰበሰበበት ነው። ጠያቂ ይዞለት የሚመጣው አረቄ በዚያን ጊዜ ደም ወደ መገጣጠሚያው እንዲፈስ ሊያደርግ ይችላል፤ የተጠራቀመ ደም ያመረቅዛል፤ ያመረቀዘ መገጣጠሚያ ብረቱን እስከ ማስወጣት ያደርሳል።

ስለዚህ የሙያ አጋሮቼን የምጠይቀው ይህን ነው። ከዚህ የሚወጣው የሪፈር ወረቀት ላይ «አልኮል፦ የለም» ከማለት ይልቅ በሳምንት ስንት መለኪያ፣ ስንት ጣሳ፣ የመጨረሻው መቼ እንደ ተጠጣ ይጻፍ። የፕላትሌት ቁጥሩ፣ የጉበት ምርመራው፣ የሄፓታይተስ ቢ ውጤቱ ይያያዝ፤ ከቆላው ወንዝ ዳር የመጣ ከሆነም ጣፊያው ለቢልሃርዝያ ይታይ። ሰውዬው ስድስት ሳምንት ካላቆመና ጉዳዩ አጣዳፊ ካልሆነ ቀጠሮው ይራዘም። ቀጠሮ ማራዘም ቤተ ሰብን ያስቆጣል፤ መኪና ተከራይተዋል፣ በሬ ሸጠዋል። ቢሆንም ይህን እዚህ ሆነን ብንነግራቸው የሚቆጡት እኛን ነው፤ አዲስ አበባ ደርሰው ቢመለሱ ግን የኪራዩም የበሬውም ገንዘብ አልቆ ነው።