ያሜሪካን የገጠር ዘፈንና የኛ ማሲንቆ

(በክረምት ዕረፍት ሰላ ድንጋይ ላይ ለተሰበሰቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን በዚህ ክረምት እያንዳንዱ ተማሪ ከትምህርቱ ውጭ የሚወደውን አንድ ነገር ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ በወሰነው መሠረት፤ የዛሬው ተራ ለኔ ደርሶኛል። ርእሴን በነገርኳቸው ጊዜ አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አንዱማ «የሰላ ድንጋይ ልጅ የራሱ ዘፈን አነሰውና ነው ያሜሪካን ከብት ጠባቂ ዘፈን የሚያመጣብን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም መልስ የሚገባው ስለ ሆነ፤ ንግግሬን በሙሉ ለርሱ መልስ አደርገዋለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ «ካውቦይ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ሲኒማ ያየ ሁሉ ባርኔጣውን፤ ፈረሱንና ሽጉጡን ያስታውሳል። የቃሉ ፍቺ ግን ከብት ጠባቂ፤ ባጭሩ እረኛ ማለት ነው። ከመካከላችን በልጅነቱ በዚህ ደጋ ላይ በግ ያልጠበቀ ማን ነው? ታዲያ በሲኒማ ስናየው የምናደንቀውን ሥራ፤ በቤታችን ሲሆን የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ካንትሪ» የሚባለው ሙዚቃ የተወለደው በከተማ አዳራሽ አይደለም፤ በደቡቡ ያሜሪካን ክፍል በገጠርና ይልቁንም አፓላሽያ በተባሉት ተራሮች በሚኖሩ ድሆች መካከል ነው። ከስኮትላንድ፤ ከአየርላንድና ከእንግሊዝ የፈለሱ ሰዎች ቫዮሊናቸውንና የቈየ ተረት ያለበትን ዘፈናቸውን ይዘው ወደዚያ ሄዱ። ባንጆ የሚባለው መሣሪያ ግን የመጣው ካፍሪካ ነው፤ ይኸውም ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ተጭነው የተወሰዱት ሰዎች በቅል ላይ ቆዳ ወጥረው ይሠሩት ከነበረው መሣሪያ የተገኘ ነው። እንግዲህ በሰውየውና በባሪያው መካከል ሕግ ግንብ ቢያቆምም፤ ቫዮሊኑና ባንጆው ግን ባንድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር ማለት ነው።

ሮክ የሚባለውም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ኤልቪስ ፕሬስሊ በ1954 ሜምፊስ በተባለው ከተማ ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ፤ ባንደኛው ገጹ አርተር ክሩደፕ የተባለውን ጥቁር የብሉዝ ዘፋኝ ዘፈን፤ በሌላው ገጹ ደግሞ ቢል ሞንሮ የተባለውን የኬንታኪ ነጭ የማንዶሊን ተጫዋች ዘፈን የያዘ ነበር። ያንን አንድ ሸክላ ገልብጦ የሰማ ሰው የሙዚቃውን ታሪክ በሙሉ ሰማ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1960ዎቹም መጨረሻ የኤሌክትሪኩ ጩኸት በበረታ ጊዜ፤ «ዘ ባንድ» እና «ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል» የተባሉት ጓዶች ሮክን ወደዚሁ ወደ ገጠር ሥሩ መለሱት።

ይህ ዘፈን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በብዙ መንገድ ነው። አሜሪካኖች በ1943 ከጣሊያን የተወሰደውን አስመራ ያለውን የሬዲዮ ጣቢያ ተረከቡ፤ ኋላም በኮሪያ በተዋጋው በቃኘው ሻለቃ ስም «ቃኘው ጣቢያ» ተብሎ ተሰየመ። ጣቢያው በ1977 እስኪዘጋ ድረስ ለወታደሮቹ የሚተላለፈው የሬዲዮ ሙዚቃ ከግቢው አጥር ውጭም ይሰማ ነበር፤ ያገራችን ዘፋኞችም ጆሮአቸውን ይጥሉበት ነበር። በ1962 ደግሞ ሦስት መቶ ያህል የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ገቡ። በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ያደገው አለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» እስከ መባል ደረሰ፤ አምሃ እሸቴም በ1969 የራሱን የሸክላ ድርጅት ባቋቋመ ጊዜ ሥራውን የጀመረው በአለማየሁ ድምፅ ነው። ሁለቱም በ2021 ዐረፉ። ከሸክላው ዘመን በኋላም የነጂም ሪቭስ፤ የነኬኒ ሮጀርስና የነዶሊ ፓርተን ድምፅ በካሴት እየተገለበጠ በየቤቱ ገባ።

ነገር ግን መንገድ ስለ ተገኘ ብቻ የባዕድ ዘፈን ልብ ውስጥ አይገባም። ብዙ የውጭ ሙዚቃ በዚያው መንገድ መጥቶ በዚያው ተመልሷል። ይህኛው ለምን ቀረ ቢባል፤ ጆሮአችን ቀድሞ ስለሚያውቀው ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቶቼም ሦስት ናቸው።

አንደኛው የዜማው ቅኝት ነው። አውሮፓውያን በሰባት ድምፅ ሲዘፍኑ፤ የኛ ትዝታ ከነዚያ ውስጥ ፋንና ሲን ትቶ በዶ፤ በሬ፤ በሚ፤ በሶልና በላ ብቻ ይሄዳል። ያፓላሽያም ብዙ የቈዩ ዜማዎችና መዝሙሮች በነዚሁ በአምስት ድምፆች የተሠሩ ናቸው። የማያምን ቢኖር ክራሩን በትዝታ ቃኝቶ ከነዚህ ዜማዎች አንዱን ይሞክር፤ አውታሩን ሳይነካካ ዜማውን ያገኘዋል።

ሁለተኛው የመሣሪያው ድምፅ ነው። ማሲንቆ ጣት የሚያርፍበት እርከን የለውም፤ ጣት በጭራው ላይ እየተንሸራተተ ካንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ስለዚህም የሚያለቅስ ይመስላል። ከሃዋይ ደሴቶች ወደ ካንትሪ የገባው በብረት የሚጫወቱት ጊታርም የሚሠራው እንደዚሁ ነው፤ ድምፁን አይረግጠውም፤ ይንሸራተትበታል። ያንን ጊታር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ የኛ አገር ሰው ማሲንቆ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ሦስተኛው ቃሉ ነው። የሚዘፈነው ስለ ናፍቆት፤ ስለ እናት ቤት፤ ስለ ሞት፤ ስለ እስር ቤት፤ ስለ መጠጥና ከሄደ ስለማይመለስ ሰው ነው። ከኛ የሚለየው ባነጋገሩ ነው። የኛ አዝማሪ ወርቁን በሰም ሸፍኖ አድማጩ እንዲፈታው ይተውለታል፤ የነርሱ ዘፋኝ ግን የደረሰበትን ለጎረቤቱ እንደሚነግር ሰው አድርጎ በግልጽ ይናገራል። ሁለቱም ጥበብ ነው። እኔ በበኩሌ የነርሱን ግልጽነት ከሰማሁ በኋላ የኛን ቅኔ የበለጠ ወደድሁት፤ መሸፈኑ ምን ያህል ሥራ እንደ ሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነውና።

ማዳመጥ ለሚፈልግ ጥቂት ስም ልጥቀስ። ከጂሚ ሮጀርስ ቢጀምር መልካም ነው፤ ይህ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ስለ ነበር፤ በግንቦት 1933 ከመሞቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ እንኳ በዘፈኖች መካከል ጋደም እያለ ሸክላ ያስቀርጽ ነበር። ቀጥሎ በ1953 የዘመን መለወጫ ዕለት በ29 ዓመቱ የሞተውን ሃንክ ዊሊያምስን ይስማ። የኬንታኪውን የከሰል ቈፋሪ ልጅ ሎሬታ ሊንን፤ እንዲሁም በ1968 ፎልሰም በተባለው ወህኒ ቤት ገብቶ በእስረኞች ፊት የዘፈነውን ጆኒ ካሽን አይለፍ። በ1962 የካንትሪ ዘፈኖችን በራሱ አዘፋፈን ያወጣውን ጥቁሩን ሬይ ቻርልስንም ይጨምር። ስንሰማ ግን ለጭፈራ ብቻ አንስማ፤ ማታ ሥራ ሲያልቅ፤ ቃሉን እየተከተልን፤ አንዱን ዘፈን ሦስት ጊዜ እንስማው። ጣዕሙ የሚመጣው በሦስተኛው ነው።

አሁን ወደ ተውኩት ጥያቄ ልመለስ። የከተማ አሜሪካኖች ይህን ሙዚቃ አክብረው አልተቀበሉትም። «ሂልቢሊ» ይሉት ነበር፤ ይህም የተራራ ባላገር፤ ያልሠለጠነ እንደ ማለት ያለ የስድብ ቃል ነው። የሙዚቃ ነጋዴዎች መጽሔት የሆነው «ቢልቦርድ» እንኳ «ካንትሪ» ወደሚለው ስም የተዛወረው በ1949 ነው። እኛስ? «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ለስድብ ሰማነው? በሠርጋችን ጠርተን፤ አስጨፍሮን፤ ሸልመን ከሸኘነው በኋላ፤ ልጃችንን ቢድርለት የምንወድ ስንቶቻችን ነን? ያሜሪካንን እረኛ ባርኔጣ የሚገዛ ተማሪ፤ የራሱን እረኛ ዋሽንት በከተማ መንፋት ያፍራል። ጓደኛዬ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ የሰላ ድንጋይ ዘፈን አላነሰኝም፤ ነገር ግን የባላገር ዘፈን የሚያሳፍር አለመሆኑን ከሌላ ባላገር አፍ መስማት ጠቅሞኛል።

ሆኖም የነርሱን ታሪክ ስንማር ጥፋቱንም እንማር። የሸክላ ነጋዴዎች በ1920ዎቹ የጥቁሩን ዘፈን ባንድ መዝገብ፤ የነጩን ባላገር ዘፈን በሌላ መዝገብ ለያይተው ሸጡ፤ ዘፋኞቹ ግን አንዱ ካንዱ ይማሩ ነበር። ሃንክ ዊሊያምስን ጊታር ያስተማረው ሩፈስ ፔይን የተባለ ጥቁር የመንገድ ሙዚቀኛ ነው። በናሽቪል የሬዲዮ ዝግጅት በሃርሞኒካው የታወቀው ጥቁሩ ዲፎርድ ቤይሊ በ1941 ተሰናበተ፤ በካንትሪ ሙዚቃ የክብር መዝገብ ላይ ስሙ የገባው ግን ከሞተ በኋላ በ2005 ነው። ዘፈኑን መውደድ ይህን ከማወቅ ጋራ መሆን አለበት።

ወዳጆቼ ሆይ፤ እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ለሚከተለው መግቢያ ነው። በ1927 ክረምት ራልፍ ፒር የተባለ የሸክላ ድርጅት ሰው በቴኔሲና በቨርጂኒያ ወሰን ላይ ወዳለችው ብሪስቶል ወደምትባል ትንሽ ከተማ መጣ። መሣሪያውን ተክሎ በሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ 76 ዘፈኖች ቀረጸ። የካርተር ቤተ ሰብና ጂሚ ሮጀርስ የተገኙት በዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ኤ. ፒ. ካርተር ሌዝሊ ሪድል ከተባለ ጥቁር ጊታር ተጫዋች ጋራ በየተራራው እየዞረ የሽማግሎችን ዘፈን ሰበሰበ፤ ካርተር ግጥሙን በወረቀት ሲጽፍ፤ ሪድል ዜማውን በጆሮው ይዞ ይመለስ ነበር። ነገር ግን በሸክላው ላይ የሪድል ስም አልተጻፈም፤ ያስተማሩአቸውም ሽማግሎች ስም አልተጻፈም።

ባገራችንም የሸክላ ሥራ እንግዳ አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከብሪስቶል ብዙ ዓመት አስቀድመው ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ጥያቄው በዚህ በሰላ ድንጋይ ምን ተቀርጿል? ነው። ይህ ቦታ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ የተቀመጡበት ነው፤ የፉከራው፤ የቀረርቶው፤ የሙሾው፤ የደቦው፤ የእረኛው ዋሽንት ብዛት እናንተ የምታውቁት ነው። አያቴ የወፍጮ ዘፈን ያውቃሉ። እናቴ ግማሹን ታውቃለች። እኅቴ ምንም አታውቅም፤ ሞተር ወፍጮ ስላለ ማወቅም አላስፈለጋት። እኅቴ በድንጋይ እንድትፈጭ የሚመኝ ሰው የለም፤ ወፍጮው መሄዱ ደግ ነው። ዘፈኑ ግን አብሮት መሄዱ ግዴታ አልነበረም።

ስለዚህ ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ፒር ለሥራው መኪና ሙሉ መሣሪያ አስፈልጎት ነበር፤ እኛ ግን መሣሪያውን በኪሳችን ይዘነዋል። እያንዳንዳችን ትምህርት ቤት ሳይከፈት ሦስት ዘፈን በእጅ ስልክ እንቅረጽ። አስቀድመን ፈቃድ እንጠይቅ። የዘፋኙን ስም፤ ዕድሜውን፤ አጥቢያውንና ከማን እንደ ተማረው ሳንጽፍ አንነሣ። ዘፈኑን አናሳምር፤ አናሳጥር፤ በመካከል የተሳለውን ሳልና የተሳቀውን ሳቅ ጭምር እንተወው። አንዱ ቅጂ ለቤተ ሰቡ፤ ሌላው ለማኅበራችን ይቀመጥ፤ ከተሸጠም ዋጋው የባለቤቱ ይሁን። ቡሄ ቅርብ ነውና ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሲሉ መጀመር ይቻላል፤ ሽማግሎቹን ግን አናስቀድም ብንል ጊዜ አይጠብቀንም።

ሐሳቡን የምትደግፉ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁንና የምትሄዱበትን አጥቢያ በጸሐፊው መዝገብ ላይ አስፍሩ። እኔ ካያቴ ጀምሬ ስሜን አስፍሬአለሁ።