«ተዘጋ» ወይስ «ተዘጋጋ»?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ቃል ነው። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከሥራ መልስ መገናኛ ወይ ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ «የት ደረስክ?» ስትባሉ፣ «ባክህ መንገዱ ተዘጋግቷል!» ትላላችሁ አይደል? እሷን ነው።

እስቲ እንፍታታት። «ዘጋ» ካልን ዘጊው ይታወቃል። «ተዘጋ» ካልን ዘጊው ተደብቋል፤ እኛ ግን ጣታችንን የምንቀስርበት አናጣም። «ተዘጋጋ» ስንል ደግሞ ሁለት ነገር እንላለን፤ አንድም በየቦታው ተዘጋ፣ አንድም እርስ በርሱ ተያዘ፤ «ተጠላለፈ»፣ «ተቆላለፈ» እንደምንለው። ለሰውም እንጠቀምበታለን። «ዘጋኝ» ያለ ጓደኛውን ይከሳል፤ «ተዘጋግተናል» ያለ ግን ራሱንም ጨምሯል።

መንገድ እንዴት ነው የሚዘጋጋው? መስቀለኛ መንገድ ላይ አረንጓዴ ይበራል። ከፊት ያለው መኪና አልተንቀሳቀሰም። ሹፌሩ ግን «ተራዬ ነው» ብሎ መሃል ይገባና መውጫ አጥቶ እዚያው ይቆማል። መብራቱ ለጎኑ መንገድ ሲበራ ያኛውም ማለፍ አይችልም፤ ተናዶ እሱም ይጠጋል። ይሄ በአራቱም አቅጣጫ ሲደገም አለቀ! ሁሉም ክላክስ ያደርጋል። አንድ በአንድ ብትጠይቋቸው ሁሉም «መብቴ ነው» ይላሉ፤ ደግሞም አልዋሹም፣ አረንጓዴ በርቶላቸው ነው የገቡት። አሜሪካኖች ይህን «ግሪድሎክ» ይሉታል። ቃሉ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980 የኒውዮርክ የአውቶቡስና የምድር ባቡር ሠራተኞች ለ11 ቀናት አድማ መትተው ከተማዋ በመኪና ስትጥለቀለቅ ነው። ዛሬ ፖለቲከኞቻቸው ተያይዘው ሲቆሙም በዚሁ ቃል ይጠሩታል።

ፖለቲካም እንዲሁ ይዘጋጋል። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2010 ምርጫ አካሂዳ፣ የደች ተናጋሪዎቹና የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ፓርቲዎች መስማማት አቅቷቸው፣ አዲስ መንግሥት ለመመሥረት 541 ቀናት ፈጅቶባታል። ተቋማቱ የጸኑ ስለነበሩ ሀገሪቱ አልፈረሰችም። እኛ ጋ ሲዘጋጋ ግን ዋጋው ሌላ ነው። አምቡላንስ ውስጥ ምጥ የያዛት እናት አለች። መጋዘን የቀረ ማዳበሪያ አለ፤ ክረምቱ ደግሞ ገበሬውን ቆሞ አይጠብቀውም። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ አለ። እነዚህ ከየትኛውም ወገን መሪ አልያዙም።

ታዲያ የተዘጋጋ መንገድ በምን ይከፈታል? ትራፊክ ፖሊስ ሲያስተናግድ አይታችሁ ከሆነ፣ መሃል ያለውን ሹፌር ቢጮህበት ዋጋ የለውም፤ የኋላ ማርሽ ቢያስገባም የሚሄድበት የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ከኋላ ያሉትን ነው ወደኋላ የሚመልሳቸው። እነሱ ትንሽ ሲለቁ መሃሉ ይተነፍሳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የኛ ቦታ የት ነው? መሪዎቹ መሃል ናቸው፤ እኛ ስልክ ይዘን ከኋላቸው ነን። አንዱ መሪ «እስቲ እንነጋገር» ሲል ገና ዝርዝሩን ሳንሰማ ኮሜንት ላይ «ባንዳ!»፣ «ሸጠን!» እንላለን። ይሄ ክላክስ ነው። ሰውየው ወደኋላ ልበል ቢል እንኳ መከዳ ለመከዳ ተጠግተን ዘግተንበታል። ከዚያ ተመልሰን «ፖለቲካው ተዘጋ፣ እነሱ ዘጉት» እንላለን። እነሱ ብቻ ናቸው እንዴ?

«ወደኋላ ማለት ሽንፈት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ታሪካችን እንዲያ አይልም። አፄ ዮሐንስ 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ራስ መንገሻ ዮሐንስም ምኒልክም ዙፋኑን ይገባኛል ብለው ነበር። መንገሻ 1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ለምኒልክ ገቡ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሁለቱም ለአንድ ሀገር ተሰለፉ። ያ መንገድ እንደተዘጋጋ ቢቀር ኖሮ ጣሊያን ምን ይጠብቅ ነበር?

አቋማችሁን ጣሉ አላልኩም። ጥያቄያችን አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ግን «መንገድ ዝጉ»፣ «ገበያ እንዳትወጡ» የሚል ጥሪ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መውጫው የት ነው? መሃል የሚቀረውስ ማነው? መልስ ካጣችሁ አትግቡበት። የሚነጋገር ወገናችሁን ደግሞ ንግግሩን አዳምጡና በፍሬው ሞግቱት፤ ገና አፉን ሲከፍት ስም አትለጥፉበት።

ከኋላ ያለን እኛ ነን፤ አንድ ሜትር እንልቀቅ።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!