ቱርቦ ላለው ፒክአፕ መኪና የሚደረግ እንክብካቤ

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሥራ አመራር ኮሚቴ አባላትና ሹፌሮች በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል የተሰጠ ገለጻ

በዚህ ማዕከል ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ መስመር መዝራት፣ ስለ ኮምፖስትና ስለ እርከን ነው። ዛሬ ግን ማዳበሪያውንና ምርጥ ዘሩን ተሸክሞ ስለሚያመጣልን መኪና እንነጋገራለን። ክረምቱ ማንንም አይጠብቅም፤ በግንቦትና በሰኔ አንድ ፒክአፕ ለሁለት ሳምንት ጋራዥ ሲቆም ምን እንደሚከተል አይታችኋል። ከሹፌሮች ጋር ሊቀ መንበሮችንና የሒሳብ ሠራተኞችንም የጠራነው በምክንያት ነው፤ እደርስበታለሁ።

ድሮ በየመሥሪያ ቤቱ የለመድነው ባለ 5ኤል ሞተር ሃይሉክስ ቱርቦ የለውም። አቀበት ላይ ቀስ ይላል፣ ግን ብዙ በደል ይችላል። አሁን በእጃችሁ ያሉት ባለ 2ኬዲ ሞተር ሃይሉክስና አይሱዙ ዲማክስ ግን ባለ ቱርቦ ናቸው። በድሮው ልማድ ከያዝናቸው አይበረክቱም።

ቱርቦ ምን እንደሆነ የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። ከታች ውሃው መዘውሩን ይመታል፣ ዘንጉ ይዞራል፣ ከላይ ድንጋዩ ይፈጫል። ቱርቦ ውስጥም ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዱን መዘውር ይመታል፤ በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ ያለው መዘውር ደግሞ አየር እየጠቀጠቀ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ልዩነቱ ፍጥነቱና ሙቀቱ ነው። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ የሚመታው ጭስም በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ሙቀት አለው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው በዘንጉ ዙሪያ ያለች ስስ የዘይት ሽፋን ናት።

የእኛ አገር ደግሞ ደጋ ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው መኪና ወደ ጋሸና ሲወጣ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። ቱርቦው ያንን ጉድለት ይሞላል፤ ለመሙላት ግን ቆላ ላይ ከሚሠራው የበለጠ ይደክማል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ አንድ ባለ ቱርቦ ፒክአፕ ነበረን። ከወልድያ ተነስተን የድልብን አቀበት እንደጨረስን እንቆማለን፤ እኔም ጎማው ሳይረጋ «አጥፋው፣ ናፍጣ አታቃጥል» እል ነበር። ሹፌሩ «አለቃ፣ ትንሽ ይተንፍስ» ይለኛል። እኔ የተማርኩት ግብርና ነው፤ የሚያውቀው እሱ ነበር፣ የሚያዘው ግን እኔ። በዚያ ላይ የዘይት መቀየሪያ የግዥ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አንድ ቀን ድንች ዘር ጭነን ስንወጣ መኪናው እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ አሰማ፣ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ፣ ጉልበቱም ጠፋ። ቱርቦው አልቆ ነበር። ሌላ መኪና እስኪገኝ ከዘሩ ከፊሉ በጆንያው ውስጥ በሰበሰ። ዘር የሚጠብቁት ገበሬዎች የጠየቁት እኔን አልነበረም፤ ሹፌሩን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ፖምፓ አብሮ ይቆማል። ቱርቦው ግን ገና እንደጋለ ነው። እዚያ የቀረው ዘይት ምጣድ ላይ እንደተረሳ ዘይት ይከስላል፤ ክሳዩም የዘይቱን ቀዳዳ ቀስ በቀስ ይደፍናል። ስለዚህ አቀበት ወጥታችሁ ወይም ጭነት ይዛችሁ ስትቆሙ፣ ነዳጅ ሳትሰጡ ሁለት ደቂቃ ያህል አቆዩት። የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር በዝግታ ከነዳችሁ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ጠዋት ስታስነሱም ዘይቱ ቱርቦው ጋ እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ በላስታ ብርድ ዘይቱ ይወፍራልና እንዳስነሱ ጋዝ አትርገጡ። ዘይቱ ለባለ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር የተሠራ ይሁን፤ በገበያ የምታገኙት 15 ደብልዩ 40 ለአብዛኞቹ ይስማማል፣ የመኪናውን መመሪያ ግን እዩ። በእኛ መንገድ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱም ፊልትሮውም ይቀየር። እዚህ ላይ ነው የሒሳብ ሠራተኞችን የምፈልጋችሁ። ይህ ወጪ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ አስቀድሞ ይያዝ እንጂ ኪሎ ሜትሩ ከሞላ በኋላ ፊርማ አይለመንለት።

ቀጥሎ አየር ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ወደ ቀበሌ የሚወስዱት የአፈር መንገዶች አቧራ ምን ያህል እንደሆነ አልነግራችሁም። ያ አቧራ በተቀደደ ፊልትሮ ወይም በላላ ጎሚኒ ከገባ የቱርቦውን መዘውር እንደ አሸዋ ወረቀት ይሞርደዋል። የአየር ፊልትሮውን ድንጋይ ላይ እያነጠፉ የሚያራግፉ አሉ፤ ተዉት፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። በውሃም አይታጠብ። በቀስታ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋ፤ ወረቀቱ ከሳሳ ወይም ብርሃን ካሳለፈ ይቀየር። ፊልትሮ አውጥቶ «እስከ ከተማ ልድረስ» ማለት ግን ፈጽሞ አይሞከር።

ናፍጣ ሲጠፋ በጀሪካን እንደምትገዙ አውቃለሁ። ካልቀረ፣ ጀሪካኑ አድሮ ይርጋ፤ ከታች የቀረውን ወደ ሰልባትዮ አታፍስሱ። በፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ በየሳምንቱ አውጡ። የእነዚህ ሞተሮች ኢንጄክተር ከድሮው እጅግ በሚበልጥ ግፊት ስለሚሠራ ትንሽ ውሃ ያበላሸዋል።

የራዲያተሩን ነገር እናቶች ይረዱታል። በላሊበላ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የያዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ አቀበቱ ላይ ይፈላባችኋል። ክዳኑን በርካሽ ታገኛላችሁ፣ የሲሊንደር ራስ ግን አታገኙም። የምንጭ ውሃ ሳይሆን ኩላንት ጨምሩ፤ ሞተሩ ሳይበርድም ክዳኑን አትክፈቱ።

ጭሱንም ልብ በሉ። ጥቁር ከሆነ አየር አንሷል፤ መጀመሪያ ፊልትሮውንና የቱርቦውን ጎሚኒዎች እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ያኔ ጉዞ አትቀጥሉ። ጭነትን በተመለከተ ኮሚቴዎች ስሙኝ፦ መኪናው ከሚሸከመው ላይ የሰዎቹም ክብደት ይቀነሳል። 20 ከረጢት ማዳበሪያ፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ፣ ብቻውን 10 ኩንታል ነው። ከዚያ ላይ አምስት ሰው አትጨምሩ። ቁልቁለት ላይም ፍሬን ብቻ አትመኑ፤ በከባድ ማርሽ ውረዱ።

አሁን ሻይ እንጠጣ። ከዚያ ውጭ የቆመውን መኪና ኮፈን ከፍተን ፊልትሮውን አንድ በአንድ በእጃችሁ ታወጡታላችሁ፣ ትመልሱታላችሁ። ሊቀ መንበሮችም ጭምር።