መግጠምና መስማማት፦ ለአስቸጋሪ መንገድ መኪና ቸርኬና ጎማ ስለ መምረጥ



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ ሰፊ ነበር፤ ስለ ተሽከርካሪ ደኅንነት በጠቅላላው እንድናገር። እኔ ግን ጠበብ አድርጌዋለሁ። በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ተቆርጦ የቀረ የጎማ ቡሎን ነው። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ የማስረዳችሁ ይህ ቡሎን ለምን እንደ ተቆረጠ ነው። ቆራጩም እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ በመጋዝ ሳይሆን በብዕር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምርምር ቡድናችን ወደ አፋር የሚወጣበት አንድ ቶዮታ ላንድክሩዘር ፕራዶ ነበረን። ቸርኬዎቹ ተጎድተው ስለ ነበር አዲስ እንዲገዛ ተወሰነ፤ የቴክኒክ አስተያየት እንድሰጥ የታዘዝኩትም እኔ ነበርሁ። የቀረበልን ቸርኬ ያምር ነበር፤ ከፋብሪካው ይልቅ ሰፋ ያለ፣ ወደ ውጭ ወጣ ያለ፣ ጥቁር። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ስድስት ናቸው፤ የመኪናችን ቡሎኖችም ስድስት ናቸው። ቢሞከር ገባ። ፈረምሁ።

ሚሌን አልፈን ወደ ሎግያ ስንጓዝ ሾፌራችን «ዶክተር፣ መሪው እጄን እየነዘረኝ ነው» አለኝ። «ጎማው ባላንስ ስላልተደረገ ይሆናል፤ ሰመራ ስንደርስ እናሠራዋለን» አልሁት። ሰመራ ሳንደርስ የፊት ግራ ጎማችን ወልቆ እየተንከባለለ ቀደመን። አምስት ሰዎች ነበርን። መኪናዋ በመንገዱ ዳር አሸዋ ውስጥ ተጎትታ ቆመች፤ የሞተ የለም፤ ነገር ግን መሪው በድንገት ሲዞር የሾፌራችንን የእጅ አንጓ ሰበረው። ያስተዋለውን ነግሮኝ ነበር፤ የምህንድስና መምህሩ ግን አልሰማውም።

የተፈጠረውን ለመረዳት ቡሎኖቹ ከተደረደሩበት ክብ እንጀምር። የፕራዶ ስድስት ቡሎኖች ዲያሜትሩ 139.7 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ናቸው። ይህ ልኬት በሃይሉክስ፣ በኒሳን ፓትሮልና በሚትሱቢሺ ፓጄሮም ይገኛል፤ አሳሳቹም ይኸው ነው። ላንድክሩዘር 100 እና 200 አምስት ቡሎን በ150 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ስላላቸው ማንም አያምታታቸውም። የእኛ ስሕተት ግን ከክቡ አልፎ ነበር። ቸርኬ መካከሉ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለው፤ ይህ ቀዳዳ በመኪናው የጎማ እምብርት ላይ ጥብቅ ብሎ ሲያርፍ ቸርኬው መሐሉን ይይዛል። የፕራዶ እምብርት 106 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የፓጄሮ ቸርኬ ቀዳዳ 67 ስለሆነ ከነአካቴው አይገባም፤ ስለዚህ ጉዳት አያደርስም። የገዛነው ቸርኬ ግን ለፓትሮል እንዲሆን 110 ተደርጎ የተቀደደ ነበር። ይገባል። ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቶ ይገባል።

በርግጥ እምብርቱ ያልያዘውን ቸርኬ ዳዶዎቹ ወደ መሐል ሊያመጡት ይችላሉ፤ ታችኛው ፊታቸው ሾጣጣ ሆኖ ሾጣጣ በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ሲቀመጡ። የፕራዶ የፋብሪካ ዳዶ ግን ለፋብሪካው ቸርኬ የተሠራ ስለሆነ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። የአዲሱ ቸርኬ ቀዳዳ ሾጣጣ፣ የአሮጌው ዳዶ ፊት ጠፍጣፋ፤ ሁለቱ የሚገናኙት በቀጭን ጠርዝ ብቻ ነበር። ቸርኬውን የሚያማክል ነገር አልነበረም፤ የሚጨብጠውም እንዲሁ። ንዝረቱ ዳዶዎቹን አላላ፤ የላላው ቸርኬ ቡሎኖቹን ወዲያና ወዲህ እያጎበጠ አደከማቸው። ተማሪዎቼ «ድካም» የሚለውን ቃል በክፍል ውስጥ ሰምታችኋል፤ የተቆረጠውን ፊት ቀርባችሁ ብታዩት እንደ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ተደራራቢ መስመሮች ታገኛላችሁ። ለአንድ ሙሉ የዳዶ ስብስብ የምናወጣውን ጥቂት ብር አስቀርተን ነበር።

አማርኛችን «ገጠመ» እና «ተስማማ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ሻጩ «ይገጥማል» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ የጠየቃችሁት እርሱን ነውና። መስማማቱን ግን በካሊፐር ካልለካችሁ በዓይን አታውቁትም።

ዓይንን የሚማርከውና በጣም የሚያሳስበኝ ልኬት ኦፍሴት የሚባለው ነው፤ በቸርኬው ጀርባ «ኢቲ» ተብሎ ይጻፋል። ቸርኬው በእምብርቱ ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከወርዱ መካከለኛ መስመር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ ይነግረናል። የፕራዶ ባለ 17 ኢንች የፋብሪካ ቸርኬ ወርዱ 7.5 ኢንች፣ ኢቲው 25 ነው። የእኛው 8.5 ኢንችና ኢቲ 0 ነበር። ስሌቱን አብረን እንሥራ። ወርዱ በ1 ኢንች ስለ ጨመረ በየጎኑ 12.7 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ ኦፍሴቱ በ25 ስለ ቀነሰ ሙሉው ቸርኬ 25 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይሄዳል። የውጩ ከንፈር እንግዲህ 37.7 ሚሊ ሜትር ወጣ ማለት ነው። ሰው «ቆማለች!» የሚላት መኪና በዚህ መንገድ የምትገኝ ናት። በአንድ የፊት ጎማ ላይ 600 ኪሎ ግራም ቢያርፍ ግን ያቺ 25 ሚሊ ሜትር በኩሽኔታው ላይ 147 ኒውተን ሜትር ያህል ተጨማሪ ጉልበት ትጭናለች፤ መኪናዋ ቆማም ሳለች። ጎማው ድንጋይ ሲመታም መሪውን የሚያዞረው ክንድ በዚያው ልክ ይረዝማል። የሾፌራችን አንጓ በዚያ ኃይል የተሰበረ ይመስለኛል።

ወደ ጎማው ልለፍ። የፕራዶ የፋብሪካ ጎማ 265/65 አር 17 ነው፦ ወርዱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች። ሙሉ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ብዙ ወጣቶች የሚመኙት 285/70 አር 17 ደግሞ 831 ሚሊ ሜትር ነው። ምኞታቸውን አልነቅፍም፤ የዲፍረንሻልን ሆድ ከድንጋይ የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፤ ሞላ ማስረዘም ሻንሲውን እንጂ የኋላውን አክስል አያነሣም። የምታገኙት ግን የልዩነቱን ግማሽ፣ 27 ሚሊ ሜትር ነው። በለውጡ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል በእውነቱ ወደ 107 ትነዳላችሁ። ፍሬኑ በ7 በመቶ የረዘመ ክንድ ይታገላል። መሪውን ጥግ ድረስ ስታዞሩ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቃል። ማርሹም በዚያው ልክ ይከብዳል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቶ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል አጥቶ ሳለ።

ቸርኬን ማስተለቅ በአንጻሩ ለድንጋያማ መንገድ ምንም አይጨምርም። 265/60 አር 18 ቁመቱ ከፋብሪካው ጋር አንድ ነው፤ የጎማው ጎን ግን 13 ሚሊ ሜትር አጥሯል። ድንጋይ ሲያጋጥም ቸርኬውን የሚያድነው፣ አሸዋ ላይ አየር ሲቀነስ ተዘርግቶ የሚይዘውም ያ ጎን ነው።

የጭነት መለያ ቁጥሩን በአጭሩ ልጥቀስ፦ 112 የሚል ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ከፋብሪካው ያነሰ አትግዙ። ስኮርት ጎማውም እንደ ሌሎቹ አንድ ልክ ይሁን፤ ፕራዶ ሁልጊዜ አራቱንም ስለሚነዳ ቁመቱ የተለየ አንድ ጎማ የመሐሉን ዲፍረንሻል ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። አራት አኃዝ የሚጽፈውን የምርት ጊዜም አንብቡ፤ 2319 ማለት የ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር።

እኛ በመጨረሻ ወደ ፋብሪካው የቸርኬ ልክ ተመልሰን 265/70 አር 17 ገጠምን። ቁመቱ በ3.4 በመቶ ብቻ ይበልጣል፤ ከመሬት 13 ሚሊ ሜትር ያነሣናል፤ ምንም አይነካም። ዳዶዎቹ ከቸርኬው ጋር የሚሄዱ ናቸው። ሾፌራችን ደግሞ በራሱ ሥርዓት አበጅቷል። ለመስክ በወጣን ቁጥር መቶ ኪሎ ሜትር ሳንሞላ መኪናዋን ዳር ያስይዝና ቶርክ ሬንቹን ለእኔ ይሰጠኛል፤ ሃያ አራቱንም ዳዶ በእጄ ካልሞከርሁ ሞተር አያስነሣም። አልተከራከርሁትም።

መኪናዋ ከአዳራሹ በር ላይ ቆማለች፤ አሮጌውን ቸርኬና ካሊፐር አስቀምጠናል፤ እርሱም እዚያው አለ። ስለ ቡሎን ጥያቄ ያላችሁ ከእኔ ይልቅ እርሱን ብትጠይቁ ይሻላል።